የነዳጅና ጋዝ አገልግሎት ሰጪ ኩባንያዎች የዘላቂነት ሪፖርት፦ የናፍጣው ልቀት የማን ነው?

አንድ የነዳጅ ወይም የተፈጥሮ ጋዝ ጉድጓድ ሲቆፈር በቦታው ከሚሠሩት ሰዎች አብዛኞቹ የፈቃዱ ባለቤት የሆነው አምራች ኩባንያ ሠራተኞች አይደሉም። ሪግ የሚባለውን መቆፈሪያ የሚያከራየውና የሚያንቀሳቅሰው አንድ ተቋራጭ ነው፤ የቁፋሮውን ጭቃ የሚያዘጋጀው ሌላ፣ የብረት ቱቦውን ከጉድጓዱ ግድግዳ ጋር በሲሚንቶ የሚያያይዘው ሌላ፣ የአለቱን ባሕርይ በመሣሪያ የሚለካው ደግሞ ሌላ ነው። እነዚህ ሁሉ በጥቅል ስማቸው የነዳጅና ጋዝ አገልግሎት ሰጪ ኩባንያዎች ይባላሉ። እንደ ኤስኤልቢ (እስከ 2022 ድረስ ሽሉምበርገር ይባል የነበረው)፣ ሃሊበርተንና ቤከር ሂዩዝ ያሉት በብዙ አገሮች የሚሠሩ ግዙፎች ሲሆኑ፣ ከነሱ በታች ጥቂት ፓምፖችና ጥቂት የጭነት መኪኖች ብቻ ያሏቸው ቁጥራቸው የበዛ አነስተኛ ድርጅቶች አሉ። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

እነዚህ ኩባንያዎች የሚሸጡት ነዳጅ የላቸውም፤ የሚሸጡት ሥራ፣ ዕውቀትና የማሽን ሰዓት ነው። ስለ አካባቢ ጥበቃ፣ ስለ ሠራተኛ ደህንነትና ስለ ንግድ ሥነ ምግባር በየዓመቱ ሪፖርት እንዲያወጡ ሲጠየቁ የሚቸገሩትም ከዚህ የተነሣ ነው። የሪፖርት መመሪያዎች በአብዛኛው የሚያስቡት የራሱ ፋብሪካ፣ የራሱ ግቢና የራሱ ምርት ያለውን ድርጅት ነው፤ አገልግሎት ሰጪው ግን በሌላ ሰው ይዞታ ላይ፣ ብዙ ጊዜም ሌላ ሰው በገዛው ናፍጣ ይሠራል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ መልስ የሚያስፈልገው ጥያቄ ስለ ካርቦን ሳይሆን ስለ ቁጥጥር ነው፤ ማሽኑን የሚያዘው ማን ነው? መዝገቡንስ የሚይዘው ማን ነው? ይህ ሳይለይ የሚዘጋጅ ሪፖርት ፎቶግራፉ ቢያምርም ቁጥሩ አይታመንም።

ጠያቂዎቹ እነማን ናቸው?

ለብዙው አገልግሎት ሰጪ ግፊቱ በቀጥታ የሚመጣው ከመንግሥት ሳይሆን ከደንበኛው ነው። አምራች ኩባንያዎች ልቀታቸውን ለማስታወቅ በሕግ ስለሚገደዱ ወይም በራሳቸው ፈቃድ ቃል ስለገቡ፣ ከተቋራጮቻቸው መረጃ ካላገኙ የራሳቸውን ሪፖርት መሙላት አይችሉም። በዚህም የተነሣ ስለ ናፍጣ ፍጆታ፣ ስለ ሥራ ላይ አደጋ መጠንና ስለ ፀረ ሙስና አሠራር የሚጠይቁ ቅጾች በጨረታ ሰነዶች ውስጥ እየተለመዱ መጥተዋል። አንዳንድ ደንበኞች ተቋራጩ ኢኮቫዲስ በተባለው መዛኝ ድርጅት እንዲመዘን ወይም የኩባንያዎችን የአካባቢ መረጃ የሚሰበስበውን የሲዲፒን መጠይቅ እንዲሞላ ይፈልጋሉ። አበዳሪዎችና መድን ሰጪዎችም ተመሳሳይ ጥያቄ ያነሣሉ።

ሕጉ በበኩሉ ወጥ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት የኩባንያዎች የዘላቂነት ሪፖርት መመሪያ በጥር 2023 ሥራ ላይ ቢውልም፣ ኅብረቱ ሚያዝያ 2025 ላይ ገና ሪፖርት ማቅረብ ላልጀመሩት ኩባንያዎች የሁለት ዓመት ጊዜ ጨምሮላቸዋል። የአሜሪካ የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን በመጋቢት 2024 ያጸደቀው የአየር ንብረት መግለጫ ደንብ ወዲያው በፍርድ ቤት ክርክር ታግዶ፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ኮሚሽኑ ራሱ ለደንቡ መከራከሩን አቁሟል። የካሊፎርኒያ ግዛት በአንጻሩ በ2023 ባወጣችው ሕግ ዓመታዊ ገቢያቸው ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሆነና በግዛቲቱ የሚሠሩ ኩባንያዎች ልቀታቸውን እንዲያስታውቁ አዝዛለች። ይህን መዋዠቅ ያየ ሥራ አስኪያጅ ነገሩ እስኪረጋ ልጠብቅ ቢል አይፈረድበትም፤ በእኔ ግምት ግን መጠበቁ አያዋጣውም። ሕጉም ደንበኛውም አበዳሪውም የሚጠይቁት መሠረታዊ መረጃ አንድ ነውና፦ የተቃጠለ ናፍጣ በሊትር፣ የተሠራ የሥራ ሰዓት፣ የተወገደ ቆሻሻ በቶን፣ የተመዘገበ አደጋ። የቅጹ መልክ ቢለዋወጥም እነዚህ አይለወጡም፤ ዛሬ ያልተመዘገበውን ደግሞ ከሦስት ዓመት በኋላ መልሶ ማግኘት አይቻልም።

ናፍጣው የማን ነው?

በዓለም ዙሪያ የልቀት ሂሳብ የሚሠራው በአብዛኛው በግሪንሃውስ ጋዝ ፕሮቶኮል መሠረት ነው። ይህን መመሪያ ሁለት ድርጅቶች፣ ማለትም የዓለም ሀብቶች ተቋምና የዓለም የንግድ ምክር ቤት ለዘላቂ ልማት፣ በ2001 አውጥተው በ2004 አሻሽለውታል። መመሪያው ልቀትን በሦስት ወሰኖች ይከፍላል። ወሰን 1 ኩባንያው በራሱ ሞተር፣ መኪናና ማሞቂያ በቀጥታ የሚለቀው ነው፤ ወሰን 2 ከሌላ ገዝቶ የሚጠቀምበት የኤሌክትሪክ ኃይል ሲመነጭ የተለቀቀው ነው፤ ወሰን 3 ደግሞ ከኩባንያው በፊትና ከኩባንያው በኋላ ባለው ሰንሰለት ውስጥ፣ ከተገዛው ብረትና ሲሚንቶ አንሥቶ እስከ ተሸጠው መሣሪያ አጠቃቀም ድረስ ያለው ሁሉ ሲሆን፣ በ2011 በወጣው ተጨማሪ መመሪያ በ15 ክፍሎች ተዘርዝሯል።

እስከዚህ ድረስ ቀላል ይመስላል። አሁን አንድ የየብስ ሪግ በቀን 6,000 ሊትር ናፍጣ ያቃጥላል እንበል። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚወጣው የቀኑ ልቀት 16 ቶን ያህል፣ የወሩ ደግሞ ከ480 ቶን ያላነሰ ይሆናል። ሞተሩ የተቋራጩ ንብረት ነው፤ የሚያንቀሳቅሱትም የተቋራጩ ሠራተኞች ናቸው። ናፍጣውን ግን በውሉ መሠረት የሚያቀርበው አምራቹ ኩባንያ ነው፤ የት፣ መቼና በምን ፍጥነት እንደሚቆፈር የሚወስነውም እሱ ነው። ታዲያ ይህ 480 ቶን በማን ወሰን 1 ውስጥ ይገባል?

ፕሮቶኮሉ ለዚህ ሦስት መንገዶችን ይሰጣል፦ በባለቤትነት ድርሻ፣ በፋይናንስ ቁጥጥር ወይም በአሠራር ቁጥጥር። አምራቹ የአሠራር ቁጥጥርን መርጦ ጉድጓዱ ላይ ያለው ሥራ ሁሉ በእኔ ሥር ነው ካለ የሪጉን ልቀት በራሱ ወሰን 1 ውስጥ ይቆጥረዋል፤ ተቋራጩም ማሽኔን የማንቀሳቅሰው እኔ ነኝ ብሎ ይህንኑ በራሱ ወሰን 1 ውስጥ ሊቆጥረው ይችላል። የአንዱ ወሰን 1 የሌላው ወሰን 3 ሆኖ ሁለቴ መታየቱ በሥርዓቱ የታሰበበትና ነውር የሌለበት ነው፤ ጉዳት የሚያስከትለው ሁለቱም በአንድ ዓይነት ወሰን ሲቆጥሩት ወይም ሁለቱም የኔ አይደለም ብለው ሲተዉት ነው። የኋለኛው ይበልጥ አሳሳቢ ነው፤ ናፍጣውን ያልገዛው ተቋራጭ ደረሰኝ ስለሌለው ፍጆታውን አያውቀውም፣ ደረሰኙ ያለው አምራች ደግሞ የትኛው ሊትር ለየትኛው ማሽን እንደዋለ ለይቶ አይይዝምና ልቀቱ ከሁለቱም መዝገብ ውጪ ይቀራል።

መፍትሔው የሚገኘው ከአካባቢ ጥበቃ ክፍሉ ሳይሆን ከውል አዘጋጁ ዘንድ ነው። ኩባንያዎችን በዚህ ጉዳይ የሚያማክር ሰው መጀመሪያ ሊያነብባቸው የሚገቡት ሰነዶች ትልልቆቹ የሥራ ውሎች ናቸው፤ ናፍጣውን የሚያቀርበው ማን እንደሆነ፣ ፍጆታው በምን እንደሚለካ፣ መረጃው በየስንት ጊዜው ለማን እንደሚሰጥ፣ ቆሻሻው ከጉድጓዱ ከወጣ በኋላ ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ በውሉ ካልተጻፈ በሚቀጥለው እድሳት እንዲጻፍ ማድረግ ለሪፖርቱ ከማንኛውም የሶፍትዌር ግዢ ይልቅ ይጠቅማል። ከዚያ በኋላ ኩባንያው የመረጠውን የቁጥጥር መንገድ በሪፖርቱ ላይ በግልጽ ያስቀምጣል፤ በየዓመቱም አይለዋውጠውም።

የወሰን 3 ነገር ለአገልግሎት ሰጪዎች ሌላ ጣጣ አለው። መሣሪያ ሠርቶ የሚሸጥ ኩባንያ ፓምፑ ወይም መጭመቂያው በደንበኛው እጅ በሚቆይባቸው ዓመታት ሁሉ የሚፈጀውን ኃይል መገመት ይጠበቅበታል። ሽሉምበርገር በ2021 እስከ 2050 የተጣራ ልቀቱን ዜሮ ለማድረስ ቃል ሲገባ ወሰን 3ን ጨምሮ ነበር፤ ሃሊበርተን ደግሞ ወሰን 1 እና 2ን ብቻ ይዞ ከ2018 መነሻ ዓመት ጋር ሲነጻጸር በ2035 በ40 በመቶ እቀንሳለሁ ብሏል። ሁለቱን ግቦች ጎን ለጎን አስቀምጦ የትኛው ይበልጣል ብሎ መፍረድ አይቻልም፤ የሚለኩት የተለያየ ነገር ነው። ከጉድጓዱ የወጣው ዘይት መጨረሻ ላይ ተቃጥሎ የሚለቀው ካርቦን ግን በአብዛኛው በአገልግሎት ሰጪው መዝገብ ውስጥ አይገባም። ተቺዎች ይህን እንደ ትልቅ ቀዳዳ ያዩታል፤ ትችታቸው መሠረት አለው። ኩባንያው ሊያደርገው የሚችለው ነገር ቢኖር ሪፖርቱ ምን እንደማያካትት በመጀመሪያው ገጽ ላይ መናገር ነው።

የቀነሰው ልቀቱ ነው ወይስ ሥራው?

የነዳጅ አገልግሎት ሥራ ከዋጋ ጋር የሚወጣና የሚወርድ ነው። ቤከር ሂዩዝ ለአሥርት ዓመታት በሚያወጣው ቆጠራ በአሜሪካ በሥራ ላይ የነበሩት ሪጎች በ2020 መጀመሪያ 800 ያህል ነበሩ፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ ወደ 244 ወረዱ። ግማሽ ማሽኑ የቆመበት ኩባንያ ልቀቱም አብሮ ይወርዳል፤ ይህን እንደ ስኬት ማቅረብ ግን አንባቢን ማታለል ነው። ስለዚህ ከጠቅላላው ልቀት ጎን ለጎን ከሥራው መጠን ጋር የተነጻጸረ ልኬት ያስፈልጋል። በምን ይነጻጸር የሚለው ቀላል ጥያቄ አይደለም። በገቢ ከተካፈለ የአገልግሎት ዋጋ ሲጨምር ምንም ሳይሠራ ልኬቱ ይሻሻላል፤ በተቆፈረ ሜትር ከተካፈለ ጠንካራ አለት የገጠመው ቡድን ይቀጣል። ለቁፋሮ ተቋራጭ ልቀትን በሪግ የሥራ ቀን ማካፈል ከሌሎቹ ያነሰ ጉድለት ያለው ይመስለኛል፤ ለሲሚንቶና ለፓምፕ ሥራ ደግሞ በተከናወነ ሥራ ብዛት ማካፈሉ ይሻላል።

ከዚህ ጋር የሚዛመደው የመነሻ ዓመት ጉዳይ ነው። በዚህ ዘርፍ ኩባንያ መግዛትና ክፍልን መሸጥ የተለመደ ነው። አሮጌ ሪጎቹን ለሌላ የሸጠ ተቋራጭ ልቀቱ ከመዝገቡ ይጠፋል፤ ከከባቢ አየር ግን አልጠፋም፣ ባለቤት ብቻ ቀየረ። ፕሮቶኮሉ እንዲህ ያለ ትልቅ ለውጥ ሲኖር የመነሻው ዓመት ቁጥር ተመልሶ እንዲሰላ የሚጠይቀው ለዚህ ነው።

እውነተኛ ቅነሳ ከየት ይመጣል ቢባል፣ ብዙው የሚገኘው ከሞተሩ ነው። በሪግ ላይ ኃይል በድንገት እንዳይቋረጥ ሲባል ከሚያስፈልገው በላይ ጄኔሬተር በዝቅተኛ ጭነት ሲሠራ ማየት የተለመደ ነው፤ በዝቅተኛ ጭነት የሚሠራ ሞተር ደግሞ ለአንድ አሃድ ኃይል የሚፈጀው ናፍጣ የበዛ ነው። ጭነቱን መለካት፣ ትርፉን ጄኔሬተር ማጥፋት፣ ድንገተኛውን ፍላጎት በባትሪ መሸፈን፣ መስመሩ ባለበት ከኤሌክትሪክ አውታር ጋር መገናኘት፣ ናፍጣን በከፊል በተፈጥሮ ጋዝ መተካት በሥራ የተፈተኑ መንገዶች ናቸው። እንቅፋቱ በአብዛኛው የሚነሣው ከሂሳቡ ነው። ባትሪውን የሚገዛው ተቋራጩ ሆኖ ከናፍጣ የተረፈው ገንዘብ ሁሉ ለአምራቹ የሚገባ ከሆነ ተቋራጩ ምን አተርፋለሁ ብሎ ይገዛዋል? እዚህም ላይ መልሱ ያለው ከውሉ ነው፤ የተቆጠበው ናፍጣ ዋጋ ለሁለቱ የሚካፈልበት ወይም ዝቅተኛ ፍጆታ ያለው ሪግ በቀን ኪራዩ ላይ ጭማሪ የሚያገኝበት አንቀጽ ከሌለ ቅነሳው ምኞት ሆኖ ይቀራል።

ሚቴንም አለ። የተፈጥሮ ጋዝ ዋና ክፍል የሆነው ሚቴን በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 30 እጥፍ ገደማ፣ በ20 ዓመት ስሌት ከ80 እጥፍ በላይ ሙቀት ያምቃል። አንድ ጉድጓድ ሲጠናቀቅ (ማለትም ለምርት ሲዘጋጅ) ወይም ሲፈተሽ የሚወጣውን ጋዝ መልቀቅ ወይም ማቃጠል ለረጅም ጊዜ የተለመደ አሠራር ነበር። አሜሪካ በ2012 ባወጣችው ደንብ በአለት መሰንጠቅ (አለቱን በፈሳሽ ግፊት በመሰንጠቅ) የተጠናቀቁ የጋዝ ጉድጓዶች ከ2015 መጀመሪያ ጀምሮ ጋዙን በመለያ መሣሪያ እንዲሰበስቡ አስገድዳለች። የዓለም ባንክ በ2015 ያስጀመረው የዘወትር ጋዝ ማቃጠልን እስከ 2030 የማስቀረት ውጥን ግን ለፍተሻ ሲባል የሚቃጠለውን ጋዝ ከዘወትሩ አይመድበውም። የጉድጓድ ፍተሻ ደግሞ በአብዛኛው የአገልግሎት ሰጪ ሥራ ነው፤ ደንበኛው ውጥኑን ፈርሟልና ጉዳዩ ተሸፍኗል የሚል ተቋራጭ በትክክል የራሱ ድርሻ ከውጥኑ ውጪ እንደቀረ ልብ ሊለው ይገባል።

ደህንነት፦ የትኛው ቁጥር እውነቱን ይናገራል?

በዚህ ዘርፍ ሪፖርቶች ውስጥ በብዛት የሚገኘው ቁጥር የተመዘገበ ጉዳት መጠን ነው። ስሌቱ ቀላል ሆኖ ወጥመድ አለበት። በአሜሪካ ልማድ ጉዳቱ የሚሰላው ለ200,000 የሥራ ሰዓት ነው፤ ይህም 100 ሠራተኞች በአንድ ዓመት የሚሠሩት ነው። ዓለም አቀፉ የነዳጅና ጋዝ አምራቾች ማኅበር ደግሞ ለ1 ሚሊዮን ሰዓት ያሰላል። በ1.2 ሚሊዮን ሰዓት ውስጥ ሦስት ጉዳት የደረሰበት ኩባንያ በመጀመሪያው ስሌት 0.5፣ በሁለተኛው 2.5 ይሆናል። ስሌቱ ለስንት ሰዓት እንደሆነ ሳይጻፍ የሚቀርብ ቁጥር ትርጉም የለውም፤ የንዑስ ተቋራጭ ሠራተኞች መካተት አለመካተታቸው ሳይገለጽም እንዲሁ።

ከዚህ የሚብስ ችግር ግን አለ። ሚያዝያ 20 ቀን 2010 በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የዲፕዋተር ሆራይዘን ሪግ ፈንድቶ 11 ሰዎች ሞቱ። ጉድጓዱ የአምራቹ ኩባንያ የቢፒ፣ ሪጉ የተቋራጩ የትራንስኦሽን፣ የሲሚንቶው ሥራ የሃሊበርተን ነበር፤ ከሟቾቹ ዘጠኙ የትራንስኦሽን ሠራተኞች ነበሩ። በዚያው ዕለት የቢፒና የትራንስኦሽን ኃላፊዎች ሪጉ ላይ የተገኙት ሥራ የሚያስቀር ጉዳት ሳይደርስ ሰባት ዓመት መቆየቱን ከሠራተኞቹ ጋር ለማሰብ ጭምር ነበር። በተከታዩ ዓመት ትራንስኦሽን ለባለአክሲዮኖቹ ባቀረበው ሰነድ በጉዳት ስሌቱ መሠረት 2010 በደህንነት ረገድ በታሪኩ የተሻለው ዓመት እንደነበር ገልጾ ለኃላፊዎቹ የደህንነት ጉርሻ መስጠቱ ታወቀ፤ ነቀፌታው ሲበረታ ኃላፊዎቹ ያን ገንዘብ ለሟች ቤተሰቦች መታሰቢያ ፈንድ እንደሚሰጡ አስታወቁ። ስሌቱ አልተጭበረበረም፤ የሚለካው ግን የተሳሳተ ነገር ነበር። የተቆረጠ ጣትና ወለም ያለ ወገብ ቁጥር ጉድጓዱ ለመፈንዳት ምን ያህል እንደቀረበ አይናገርም።

ስለዚህ የአገልግሎት ሰጪ ሪፖርት የግለሰብ ጉዳትንና የሂደት ደህንነትን ለይቶ ማሳየት አለበት፦ ጉድጓዱ ውስጥ ያልተጠበቀ ግፊት ስንት ጊዜ አጋጠመ? የፍንዳታ መከላከያ ቫልቭ ፍተሻ ስንቱ በጊዜው ተደረገ? ሥራን ለማስቆም ሠራተኞች ያላቸውን መብት ስንት ጊዜ ተጠቀሙበት? የመጨረሻው ቁጥር ዜሮ ከሆነ መደሰት ሳይሆን መጠርጠር ይሻላል። በየብስ ለሚሠሩት ደግሞ ትልቁ ገዳይ ብዙ ጊዜ መንገድ ነውና የተሽከርካሪ አደጋ ከተነዳው ኪሎ ሜትር ጋር ተነጻጽሮ ለብቻው መቅረብ ይገባዋል።

ከአደጋው በኋላ የታየውም ለውል አዘጋጆች የሚጠቅም ነው። በቢፒና በትራንስኦሽን መካከል የነበረው ውል ከጉድጓዱ ለሚነሣ ብክለት አምራቹ ተቋራጩን ከካሣ ተጠያቂነት እንዲጠብቀው ያደርግ ነበር፤ ፍርድ ቤቱ በ2012 አንቀጹን በአብዛኛው ቢያጸናም መንግሥት የሚጥለውን የፍትሐ ብሔር ቅጣት ወደ ሌላ ማስተላለፍ እንደማይቻል ወሰነ። ትራንስኦሽን በ2013 ለአሜሪካ መንግሥት 1.4 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ፤ ሃሊበርተን በ2014 ለተጎጂዎች 1.1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ለመክፈል ተስማማ። ተቋራጭ ነኝ፣ ኃላፊነቱ የደንበኛዬ ነው የሚለው መከላከያ የት ድረስ እንደሚያስኬድ ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

ኬሚካል፣ ውሃና ጉቦ

ስለ ኬሚካል ሲነገር ሥርዓቱ በደንብ የተደራጀው በሰሜን ባሕር አካባቢ ነው። በኖርዌይ ወደ ባሕር ሊለቀቅ የሚችል ኬሚካል በአደገኛነቱ መጠን ጥቁር፣ ቀይ፣ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ተብሎ ይመደባል፤ በ2000 የተደረሰው የኦስፓር (የሰሜን ምሥራቅ አትላንቲክን ባሕር ለመጠበቅ አገሮች የገቡት ስምምነት) ውሳኔ ደግሞ ከክብደቱ ከ1 በመቶ በላይ ዘይት ነክ የቁፋሮ ፈሳሽ የያዘ ስብርባሪ አለት ወደ ባሕር እንዳይጣል ይከለክላል። በአሜሪካ ለአለት መሰንጠቅ የዋሉ ኬሚካሎች ከ2011 ጀምሮ ፍራክፎከስ በተባለ የሕዝብ መዝገብ ይገለጻሉ፤ ምንም እንኳ አንዳንዶቹ የንግድ ምስጢር ተብለው ቢሸፈኑም። እንዲህ ያለ ሥርዓት በሌለበት አገር የሚሠራ ኩባንያ ከነዚህ አንዱን በራሱ ፈቃድ ተከትሎ በየዓመቱ ስንት ቶን በየትኛው ምድብ እንደተጠቀመ ቢያስታውቅ ማንም ከልካይ የለውም።

ጉቦ በዘላቂነት ሪፖርት ውስጥ ምን ይሠራል የሚል አንባቢ አይጠፋም። አገልግሎት ሰጪዎች መሣሪያቸውን ከአገር አገር ያዘዋውራሉ፤ ጉምሩክ ላይ የቆመ መሣሪያ ደግሞ በየቀኑ ገንዘብ ያስከፍላል። በኅዳር 2010 የስዊዘርላንዱ ዕቃ አስተላላፊ ፓናልፒናና ስድስት የነዳጅ ዘርፍ ኩባንያዎች፣ ከነሱም የሪግና የመርከብ ተቋራጮች፣ ለጉምሩክ ሹሞች ከተሰጠ ጉቦ ጋር በተያያዘ በድምሩ ከ230 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለአሜሪካ ባለሥልጣናት ለመክፈል ተስማምተዋል። ጉቦው ብዙውን ጊዜ የተከፈለው በራሳቸው በኩባንያዎቹ እጅ ሳይሆን በወኪል በኩል ነበር። ስለዚህ ሪፖርቱ ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄ የሥነ ምግባር ደንብ አለን ወይ ሳይሆን ስንት ወኪል አለን፣ ስንቱን መርምረናል፣ ከስንቱ ጋር ውል አቋረጥን የሚለው ነው።

በየትኛው መስፈርት?

የመስፈርቶቹ ብዛት አዲስ ጀማሪን ያስደነግጣል፤ ለዚህ ዘርፍ ግን ምርጫው እንደሚመስለው ሰፊ አይደለም። በቅድሚያ መታየት ያለበት ሳስቢ በመባል የሚታወቀው በየዘርፉ የተዘጋጀ የመስፈርቶች ስብስብ ነው፤ በነዳጅ ዘርፍ ውስጥ ለአገልግሎት ሰጪዎች ብቻ የተዘጋጀ የራሱ መስፈርት አለው። የጠቅላላ ነዳጅ ፍጆታን፣ ጥብቁን የናፍጣ ሞተር ደረጃ የሚያሟሉ ሞተሮችን መቶኛ፣ ጥቅም ላይ የዋለና ተመልሶ የተጣራ ውሃን፣ የተሽከርካሪ አደጋን፣ በሙስና መለኪያ መጨረሻ ደረጃ ላይ ካሉ፣ ማለትም ሙስና ከበዛባቸው፣ 20 አገሮች የተገኘ ገቢን ይጠይቃል። ሳስቢ በ2022 የሂሳብ ሪፖርት መስፈርቶች በሚወጡበት በአይኤፍአርኤስ ፋውንዴሽን ሥር ወዳለው ዓለም አቀፍ የዘላቂነት መስፈርቶች ቦርድ ተጠቃሏል፤ ይህ ቦርድ በሰኔ 2023 ያወጣቸው ኤስ1 እና ኤስ2 የተባሉ መስፈርቶች ኩባንያው የባለሀብቶችን ውሳኔ ሊለውጥ የሚችለውን አደጋና ዕድል እንዲገልጽ ያዝዛሉ፤ በመጀመሪያው ዓመት ወሰን 3ን ለጊዜው መተውንም ይፈቅዳሉ። ጂአርአይ የተባለው መስፈርት አውጪ ድርጅት ደግሞ በ2021 ያወጣው የነዳጅና ጋዝ ዘርፍ መስፈርት ኩባንያው በሰዎችና በአካባቢ ላይ የሚያደርሰውን ተጽዕኖ ከባለሀብቱ ጥቅም ነጥሎ ያያል። አበዳሪና ባለአክሲዮን ለሚጠይቀው የመጀመሪያው፣ ማኅበረሰብና ሠራተኛ ለሚጠይቀው ሁለተኛው ይስማማል። አነስተኛ ድርጅቶች ሁለቱም ቢከብዷቸው የአውሮፓ ኅብረትን በሪፖርት መስፈርቶች የሚያማክረው ኤፍራግ በታኅሣሥ 2024 ለአነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች ያዘጋጀው በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ አጭር መስፈርት ለብዙው ደንበኛ ጥያቄ ይበቃል።

ሥራው የት ይጀመራል?

በየሪጉና በየሥራ ቦታው በየቀኑ የሚሞላ የሥራ ሪፖርት አለ፤ ለክፍያ መነሻ ስለሆነ በጥንቃቄ ይሞላል። የናፍጣ ንባብን፣ የውሃ መጠንን፣ የወጣ ቆሻሻንና የተጣለበትን ቦታ በዚሁ ቅጽ ላይ መጨመር ለዘላቂነት ክፍል ሌላ ቅጽ ከመፍጠር በእጅጉ ይሻላል፤ ሌላ ቅጽ በሁለተኛው ወር ይረሳል ወይም በወሩ መጨረሻ በግምት ይሞላል። መረጃውን የሚያረጋግጠውም የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያው ሳይሆን ሂሳብ ክፍሉ ቢሆን ይመረጣል፤ የተገዛው ናፍጣና ተቃጠለ የተባለው ካልተመጣጠነ ወይ ቆጣሪው ተሳስቷል ወይ ናፍጣው ተሰርቋል። አንዳንድ ሥራ አስኪያጆች ለዚህ ሥራ ልባቸው የሚከፈተው ስርቆቱን ሲያዩ መሆኑን መካድ አያስፈልግም።

የውጭ ኦዲተር ማረጋገጫ የሚጠየቅበት ጊዜ ይመጣል። ማረጋገጫው ሁለት ዓይነት ነው፤ ውስኑ፣ ኦዲተሩ ስህተት መኖሩን የሚያመለክት ነገር አላየሁም የሚልበት ሲሆን፣ ምክንያታዊው ደግሞ ቁጥሩ ትክክል ነው ብሎ ሐሳቡን የሚሰጥበት ነው። በሁለቱም ኦዲተሩ የሚጠይቀው ከሪፖርቱ ገጽ ተነሥቶ እስከ ሪጉ ቅጽ ድረስ የሚወስድ ያልተቋረጠ የሰነድ ሰንሰለት ነው።

አንድ ፈተና ይቀራል። አገልግሎት ሰጪዎች መሣሪያችን ለደንበኛው ይህን ያህል ቶን ልቀት አስቀርቷል ማለት ይወዳሉ፤ አንዳንዴም እውነት ነው። ይሁን እንጂ ቀረ የሚባለው ልቀት፣ መሣሪያው ባይኖር ምን ይሆን ነበር ከሚል ግምት የሚሰላ ስለሆነ ከኩባንያው የራሱ ልቀት ላይ ተቀንሶ ሊቀርብ አይችልም፤ ግምቱ በምን ላይ እንደቆመ ተጽፎ ለብቻው ይቀመጣል። ያው መሣሪያ ቁፋሮውን አፋጥኖ ብዙ ጉድጓድ እንዲቆፈር ካደረገም ይህ አብሮ ይጻፋል።

የመጀመሪያው ዓመት ሪፖርት ጉድለት ይኖረዋል። ከአሥር የሥራ ቦታዎች የሰባቱ መረጃ ብቻ ከተገኘ ሰባቱን ማቅረብ፣ የሦስቱ ግምት እንደሆነ መጻፍና የግምቱን ስልት መግለጽ በቂ ነው። በሁለተኛው ዓመት የሦስቱ ትክክለኛ ንባብ ተገኝቶ ያለፈው ዓመት ቁጥር ከፍ ወይም ዝቅ ሲል፣ የተስተካከለው ቁጥር ከአሮጌው ጎን ለምን እንደተለወጠ ከሚገልጽ አንድ ዓረፍተ ነገር ጋር ይታተማል።